በወንድሜ መስመር የተጻፈው ቃል

በሌላው ሰው ቤት የልጅ ልደት የሚጻፈው በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ነው። በእኛ ቤት ግን በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመጨረሻ ገጽ ላይ ነበር የሚጻፈው። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ምን ይደረግ! ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ይተረጉም ነበር። ያንን ወፍራም መጽሐፍ ተማሪ ሳለ አንድ ፈረንጅ አስተማሪው ሰጥቶታል። ከእናቴ ቀጥሎ የሚወደው መጽሐፉን ነበር። እናቴ ግን «ቀጥሎ አይደለም፣ ቀድሞ ነው» ትላለች።

ልጅ ሲወለድ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ መዝገበ ቃላቱን ይገልጥና ጣቱን ያሳርፋል። ጣቱ ያረፈበትን ቃል ከልደቱ ቀን አጠገብ ይጽፈዋል። «ደብተራ ኮከብ ይቆጥር የለ? እኔ ደግሞ ቃል እቆጥራለሁ» ይል ነበር። ለእኔ የደረሰኝ መሰላል ነው። ከዚያ ወዲያ ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለ ዕቃ በተፈለገ ቁጥር «መሰላል ትምጣ» እየተባለ ይሳቅብኛል፤ ቁመቴ እንደሁ ከጠረጴዛ ብዙም አይዘልም። ለታላቅ ወንድሜ የደረሰው «ዊርድ» የሚል ቃል ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ «አባዬ፣ ዊርድ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። መነጽሩን አደረገ። የቃል ነገር ከጠየቁት ደስታውን አይችለውም።

«ዛሬ እንግዳ ነገር፣ ያልተለመደ፣ ግራ የሚያጋባ ማለት ነው» አለ። «ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። የጥንት እንግሊዞች ዕጣ ፈንታን ነበር በዚህ ቃል የሚጠሩት። በሰው ላይ የተጻፈውን፣ የማይቀረውን። ሥሩን ከቆፈርሽው ደግሞ መሆን፣ መዞር ከሚል የቆየ ቃል የመጣ ነው።»

«ታዲያ ዕጣ የነበረው እንዴት ብሎ እንግዳ ነገር ሆነ?»

«ዕጣን ሰው አያየውማ። የማይታይ ነገር ያስፈራል፣ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ መቼም አይለመድም። እየቆየ ፍርሃቱ ሲረሳ እንግድነቱ ብቻ ቀረ።»

ወንድሜ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። «እኔስ እንግድነቱ ይሻለኛል» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች።

«በስመ አብ! አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ላይ የማይቀረውን ነው የጻፍክበት? ሟርተኛ! ሰው እንደሚያደርገው ዳዊት ብትገዛ ምን ነበረበት?»

«ቃል እኮ ነው» አለ አባቴ።

«ቃል ሰው ይገድላል» አለች። ይህችን ነገር እሷ ወዲያው ረሳቻት፣ እኔ ግን ይዣት ተኛሁ፣ ይዣት ተነሣሁ።

ጊዜው ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ወንድሜ ገና አሥራ ሰባት ተኩል ነው። ምን ያደርጋል፣ ቁመቱ በር ያስጎነብሰዋል፤ ጢሙም ከጓደኞቹ ቀድሞ ወጥቷል። ሾላ ገበያ አብሯት ሲሄድ እናቴ ከኋላው «እባክህ ጉልበትህን እጠፍ አድርገው!» እያለች ታስቸግረው ነበር። የሚያያቸው ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ዓርብ ማታ የቀበሌው መኪና ድምፅ ማጉያውን ሰቅሎ በሰፈሩ ዞረ። እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ለዘመቻ የሚሄዱት በዕጣ ይለያሉ አለ። ዕጣ! በወንድሜ መስመር ላይ፣ በአባቴ ቆንጆ እጅ ጽሕፈት፣ ዕጣ ተብሎ ተጽፏል። ቀበሌውም ዕጣ አወጣለሁ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይምጣልኝ? ሌሊቱን ሙሉ ያ ቃል ጣሪያው ላይ የተጻፈ መሰለኝ።

በፊት አንድ ጊዜ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክታብ በራችን ላይ ተጥሎ አግኝተን፣ እናቴ «ክፉ ነገር ከነጽሑፉ ይቃጠላል» ብላ እሳት ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ። መድኃኒቱ እሱ ነው አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴና አባቴ ለቅሶ ሄዱ። ወንድሜ ተኝቷል። መዝገበ ቃላቱን አወረድኩ፤ ለዚያ እንኳ ወንበር ላይ መቆም ነበረብኝ። የመጨረሻውን ገጽ ቀደድኩት፣ ጓሮ ወስጄ ከሰል ማንደጃው ውስጥ ጨመርኩት። አመዱን በእንጨት በተንኩት። «በቃ፣ አልተጻፈም» አልኩ። እንዴት ያለ እፎይታ መሰላችሁ! ያን ቀን እራቴን ሁለቴ በላሁ።

እሁድ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ከአንድ የወታደር ባርኔጣ ውስጥ እየወጡ ተነበቡ። አምስተኛው የወንድሜ ስም ነበር፤ ለካ ቁመቱን አይተው ዕድሜያቸው ከደረሰው ጋር መዝግበውታል። ስሙ የወጣው ሁሉ ከቀበሌው አዳራሽ እንዳይወጣ ተብሎ በር ተዘጋ። እናቴ ደረቷን ስትመታ አባቴ እጇን ያዛት።

«አይዞሽ፣ ምን ያስለቅስሻል? ልጁ ዕድሜው አልደረሰም። ማስረጃ አለኝ።»

ለካ ከእኛ በላይ ያሉት ጎረቤት ባለፈው ዙር ልጃቸውን ያስወጡት ዳዊታቸው ላይ የተጻፈውን ልደት አሳይተው ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ፣ ሲወለድ የተጻፈ ነገር ያለው ያምጣ ብሏል። ወንድሜ የተወለደው አባቴ ትግራይ ተመድቦ ሲሠራ ነው። ክርስትና የተነሣበት ቤተ ክርስቲያን ከጦርነቱ ማዶ ነው፤ ከዚያ ወረቀት ማስመጣት የማይታሰብ ነበር። ልጁ አሥራ ስምንት እንዳልሞላው የሚናገር አንድ ገጽ ብቻ ነበረ። እሱን ደግሞ እኔ በልቼዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ መዝገበ ቃላቱን በጋዜጣ ጠቀለለ። ገልጦ አላየውም። ለምን ያያል? እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ከፊት ትሮጣለች። እኔ ከአባቴ ጎን ነበርኩ።

«አባዬ» አልኩት።

«ወይ።»

«ምንም።»

ትንሽ ሄድንና ደገምኩት። ዞር ሲል «ጫማዬ ጠበበኝ» አልኩ። ቀበሌው በር ላይ ስንደርስ ሦስተኛ ጊዜ ጠራሁት። «ምን ሆነሻል አንቺ መሰላል? ይልቅ ፍጠኚ፣ ወንድምሽ እየጠበቀ ነው!» አለና ራሴን ዳበሰኝ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ወደ ቤት ተመልሶ ሌላ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፈው ነበር ይሆን? እንጃ። አባቴ ለትንሽ ነገር እንኳ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። ግን ዕድሉን አልሰጠሁትም። ፈሪ ነኝ፤ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሰ ወጣት ነው። መዝገበ ቃላቱን ሲያይ ሳቅ አለ። «ጓድ፣ ሌላው ዳዊት ያመጣል፣ እርስዎ ፈረንጅ አመጡልን? ይሁን፣ ይግለጡት።»

አባቴ ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጠ። መልሶ ገለጠ። ከዚያ የተቀደደው ጠርዝ ላይ ጣቱን ከላይ እስከ ታች ወሰደው።

«ማን ነው የቀደደው?» አለ ሊቀመንበሩ። ሳቁ ጠፍቷል።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም። ብዙ አልቆየም።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የቀደድኩት። እሳት ላያይዝ ብዬ... ሳላየው።»

«አንተ?» አለች እናቴ። «አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ልጄን በላህብኝ!» ብላ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሊቀመንበሩ ያለ ማስረጃ ምንም ማድረግ አልችልም አለ።

በሦስተኛው ቀን ሊጭኗቸው ሲሉ ደህና ሁኑ እንድንለው አስገቡን። ወንድሜ አንገቴን ሲያቅፈኝ አልቻልኩም፤ በጆሮው «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አልኩት።

«አውቃለሁ። በመስኮት አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እኔም ፈርቼው ነበር» አለኝ። «ቃሉን። ስታቃጥዪው እሰይ ብዬ ነው የተኛሁት።»

ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን፤ ሦስተኛው አልመጣም። መንግሥት ሲወድቅ ወታደሩ በእግሩ ወደ ከተማ ሲገባ፣ እናቴ መገናኛ ላይ በኮተቤ በኩል ያለውን መንገድ ይዛ ሳምንታት ቆመች። ረዥም ሰው ባየች ቁጥር ትሮጣለች። ወንድሜ አልመጣም።

ከዚያች ሰኞ ጀምሮ እናቴ ከአባቴ ጋር አንድ መሶብ ቀርባ አታውቅም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ አታናግረውም። አባቴ አንድም ቀን ስሜን አላነሣም፤ ስለ ገጹ ለእኔም አንዲት ቃል አልተናገረኝም። እኔም ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። ተማሪዎቼ ዊርድ ምንድን ነው ሲሉኝ እንግዳ ነገር ማለት ነው እላቸዋለሁ፤ ሥሩን አልነግራቸውም።

አባቴ ሲሞት እናቴ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ ጉድ አለ። ከአጠገቧ ተቀምጬ ስነፈርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምን ያስለቅስሻል? ወንድምሽን ያስበላ ሰው ነው» አለችኝ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሰበሰብኩ።