አቧራ የማይደርስበት ወንበር

ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ እዚሁ መካነ ሰላም፣ የሞተር ውድድር ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ሰዉ መቀመጫ ይሻማል... እኔ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አያለሁ።

ቦታ መምረጥ ላይ ቀልድ አላውቅም። አውቶብስ ላይ ፀሐይ የማይመታውን መስኮት፣ ሰርግ ላይ ወጡ የሚመጣበትን በር አስቀድሜ ነው የምለየው። ለዚህ ውድድርማ ጠዋት ሜዳው ድረስ ሄጄ፣ ምርት እንደሚያዘራ ገበሬ አፈር ዘግኜ ወደ ላይ በተንኩ። ነፋሱ ከከተማው ወደ ሜዳው ነው የሚነፍሰው። ሞተሮቹ የሚያስነሱት አቧራ በሙሉ ማዶ፣ የክብር እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ በከተማው በኩል በደረጃ ከተሠሩት የእንጨት መቀመጫዎች የላይኛውን መረጥኩ። ጃኬቴን ዘርግቼ ለሁለት ሰው ያዝኩ።

ሁለተኛው ሰው ሰይድ ነው፤ ከሱቄ ጎን ልብስ የሚሰፋ የልብ ወዳጄ። መምጣት አልፈለገም ነበር። እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት አክስቱ እማ ዘሀራ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሳምንቱን ታመው ነው የከረሙት። እኔ ግን ቤታቸው ድረስ ሄጄ «እንዲህ ያለ ቦታ በዕድሜህ አታገኝም!» እያልኩ ነዘነዝኩት። እማ ዘሀራ ሻል ብሏቸው፣ ትራስ ተደግፈው አጥሚት ይጠጡ ነበር።

«ሂድ አንተ! እፊቴ ተገትረህ ልትውል ነው?» አሉት። «ሂዱ ተጫወቱ፣ አላህ በሰላም ይመልሳችሁ። ብቻ እሱ ሞተር ላይ እንዳትወጡ!»

እየሳቅን ወጣን።

ከደጎሎ፣ ከወግዲ፣ ከከላላ ሳይቀር ሞተረኞች መጥተዋል። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ማዶ ያሉት እንግዶች አቧራውን ቅመው ቅመው ፊታቸው ዱቄት መስሏል። እኛ ላይ አንድ ብናኝ አልደረሰም። በምርጫዬ ኮራሁ። የሰይድም ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ።

ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ሞተሮቹ ሲያጓሩ ነው ከጀርባዬ፣ ከከተማው በኩል፣ ነፋሱ አንድ ድምፅ ይዞ የመጣው።

ረጅም... መጨረሻው ላይ ሰበር የሚል።

የቅሬያችን ጥሩምባ ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀባበርበታል። ጥሩምባ ሲነፋ የያዝከውን ጥለህ ትነሳለህ፣ በቃ። ነፊው ጋሼ ይማም ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰማሁት አነፋፋቸው አይጠፋኝም።

ሰይድ ዞር አለ። «ጥሩምባ ነው እንዴ?»

«የምን ጥሩምባ! የሞተር ክላክስ ነው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አብሽር፣ ተቀመጥ! ከተነሳህ ቦታውን አታገኘውም።»

እማ ዘሀራ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም... ወይም ማሰብ አልፈለግኩም። በሆዴ ያልኩት «የሆነ ሰው ነው፣ ቀብሩ ይቆየናል» ነው። የሆነ ሰው! ኔትወርኩ እንደልማዱ ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ ስልክም አልጠራም። ሰይድ አመነኝና ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። የእኛው ከተማ ልጅ አሸነፈ። ስለቱ እንደሰመረለት ሰው ጮህኩ። ሰይድ ደግሞ ሮጦ ወርዶ አሸናፊውን በትከሻው ተሸክሞ ሜዳውን አዞረው።

ወደ ከተማ ስንመለስ ጋሼ ይማም ጥሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ እኛ ሲመጡ አየን። ሰይድን ሲያዩት ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ የት ነበርክ? ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ሰው ልከን ብናፈላልግህ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አጣንህ... አክስትህ ወደ አኼራ ሄደዋል። ጀናዛው ወጥቷል፣ ሩጥ!»

ሮጠ። ተከተልኩት። ስንደርስ ጉድጓዱ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አንድ ሰው አካፋውን አቀበለው። ሰይድ ያሳደጉትን ሴት ፊታቸውን አላየም፣ ቃሬዛቸውንም አልተሸከመም። ሦስት አካፋ አፈር አለበሰ፤ የደረሰበት ያ ብቻ ነው። የዚያን ቀን በትከሻው የተሸከመው ሞተረኛውን ነው።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሽማግሌዎቹ ለቀብሩ እንዴት እንደዘገየ ጠየቁት።

«ወላሂ አልሰማንም» አለ ሰይድ። «ሞተሩ አደነቆረን። እሱን ጠይቁት፣ አብረን ነበርን።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ... አልሰማንም» አልኩ።

ጋሼ ይማም «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ትንፋሼ አልቋል። ድሮ እንኳን ሜዳው ላለ ሰው፣ ከወንዝ ማዶ ላለውም ይሰማ ነበር። እንግዲህ በእሁዱ ስብሰባ ጥሩምባውን ተረከቡኝና ለጎበዝ ስጡልኝ።»

ሰይድ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «እርስዎ ምን አጠፉ?» እያለ አለቀሰ። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጀርባውን እደባብሳለሁ። አፈርኩ... እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ ልነግረው በሩ ላይ እየደረስኩ እመለሳለሁ። «ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?» ይለኛል ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ። ነገ እሁድ ነው፣ ቅሬው ይሰበሰባል። ዓይኑን እያየሁ መጀመር ስላቃተኝ እዚህ ጻፍኩት። አነበበውም አላነበበውም ነገ ሰው ፊት ቆሜ እደግመዋለሁ።

ጋሼ ይማም፣ ትንፋሽዎ ምንም አልሆነም። ሰይዶ... አዎ፣ ጥሩምባ ነበር።