መርቀው ይቀመጡ ያልናቸው የስንዴ ነጋዴ

የሮቤን ገበያ የምታውቁ ሁሉ፣ እትዬ አስካለ የሉም። ለወራት ታመው ከቆዩ በኋላ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጎባ፣ ልጃቸው ቤት አርፈዋል። ስንዴ መግዛትና መሸጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ንዴት ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ተናድጄ ነው።

በቀብራቸው ዕለት ያልተናገረ ሰው የለም። «የንግድ እናታችን፣ የጥበብ ምንጫችን» ተባለላቸው። ወይ ጉድ! በቁማቸው ማን ሰምቷቸው ነው?

እትዬ አስካለ ስንዴን በዓይን አይገዙም ነበር። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ከተው ከሥር ዘግነው ያወጣሉ፤ ያሸታሉ፤ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። አንድ ቀን ኦቦ ቱፋ የሚባሉ የሲናና ገበሬ ያመጡት ስንዴ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን በሰው ፊት ጮኾ ያዋርዳቸው ነበር። እሳቸው ግን ማንም እንዳይሰማ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ፣ «ኦቦ ቱፋ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ለሌላ እንዳይሰጡብኝ፣ እኔው እጠብቅዎታለሁ» አሏቸው። ኦቦ ቱፋ ከዚያ ወዲህ እህላቸውን ለሌላ ነጋዴ አሳይተው አያውቁም። እኔንም፣ «እህሉን ሳታውቅ ምላስህን አትሳል» ይሉኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለከተማው ወጣት ነጋዴዎች ስልጠና ያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ጊዜው አጭር ስለሆነ ሁለት ትምህርት ብቻ መምረጥ ነበረብን። እትዬ አስካለን አማከርናቸው። «እህል መለየትንና ገበሬውን ሳያስቀይሙ አልገዛም ማለትን አስተምሯቸው፤ ሌላውን ገበያው ራሱ ያስተምራቸዋል» አሉ። ሰብሳቢያችን ሳቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው፤ ዘመኑ የማስታወቂያና የቢዝነስ ፕላን ነው» አላቸው። እጅ አውጡ ተባለ። ለማስታወቂያና ለቢዝነስ ፕላን እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ያውም እንጀራዬን ከእሳቸው ተምሬ የምበላ እኔ! ከዚያ ምን አደረግን? «እርስዎ መክፈቻው ላይ ይመርቁልን» አልናቸው። የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ አስመርቀን፣ አጨብጭበን ዝም አሰኘናቸው። እኛ አዋቂን ከሥራው ልናርቀው ስንፈልግ እናስመርቀዋለን።

በዚያው ዓመት አጨዳ ላይ ዝናብ ገባ። ሠልጣኞቹ በጋራ የገዙት ስንዴ መጋዘን ውስጥ ሞቀ፣ ሻገተ፤ ዱቄት ፋብሪካው ከበር መለሰው። ፕላናቸው በሚያምር ወረቀት ታትሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። እትዬ አስካለ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ጆንያዎቹን አስፈትተው፣ ሸራ አስነጥፈው፣ «ምርቃቴ አልሠራም መሰለኝ፤ በሉ አሁን እጃችሁን አምጡ» አሉና ያልተበላሸውን ለብቻው ያስለዩአቸው ጀመር። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እና ምን ተማርን? ምንም! በሣልስታቸው ማግስት ኮሚቴው ተሰብስቦ የዘንድሮው ስልጠና በስማቸው እንዲጠራ ወሰነ። የትምህርቱን ዝርዝር አየሁት፤ ያው ማስታወቂያ፣ ያው ቢዝነስ ፕላን። ፎቷቸው አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል፤ እውቀታቸው ግን ደጅ ይቀራል። ጠረጴዛውን መታሁት። «ወይ እህል መለየት ይግባ፣ ወይ ስማቸውን አውርዱ!» አልኩ። ሰብሳቢው፣ «ማን ያስተምረዋል?» አለኝ። «እኔ!» አልኩት። እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

እትዬ አስካለ፣ የፊታችን ቅዳሜ ሠልጣኞቹን ገበያ ይዣቸው እወጣለሁ። የነገሩኝን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። ዝናብ መትቶት ሻግቶ የነበረ ስንዴ ደርቆ ሲመጣ እጅንም ጥርስንም ያታልላል፤ እርስዎ ግን አንዴ አሽትተው ይመልሱት ነበር። ምን ምን ይልዎ ነበር? ስንት ዓመት አጠገብዎ ቆሜ፣ ነገ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ! እዚህ ሮቤ ውስጥ የሚመልስልኝ ሰው የለም። ልጆቹ ሲጠይቁኝ «አላውቅም» ነው የምላቸው። አፈሩን ያቅልልዎ፣ እትዬ፤ ለእኔ ግን ጸጸቱ አይቅለለኝ።