ጸጥ ያለችው ኮከብ

ኖሪን ትራስኮት ከሲድኒ ርቆ ገጠር ውስጥ የቆመውን፣ የሰማይን የሬዲዮ ሞገድ የሚያዳምጠውን ግዙፍ ቴሌስኮፕ ስታንቀሳቅስ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የበግ አርቢ ልጅ ናት፤ ዲግሪ የላትም። የሲድኒ ተመራማሪዎች ወደዚህ አዙሪ ሲሏት ታዞራለች። ከሚያዳምጧቸው ኒውትሮን ኮከቦች፣ ነድደው አልቀው ከተጨመቁ ኮከቦች፣ አንዷን ግን የራሷ አድርጋ ታያት ነበር። ስፋቷ አንድ ከተማ ቢያህል ነው፤ ክብደቷ ግን ከፀሐይ ይበልጣል፤ በየሁለት ሰከንዱ ሳታዛንፍ ምልክት ትልካለች።

በየካቲት ሙቀት ኮከቧ ድንገት ጸጥ አለች።

ኖሪን ያነበበችው ትዝ አላት። ዓለም ሲጀመር የተወለዱ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ጥቁር ጉድጓዶች ሊኖሩ ይችላሉ ይባላል። አንዱ እንዲህ ያለች ኮከብ ውስጥ ከገባ መሃሏ ላይ ተቀምጦ ከውስጥ ይበላታል። እስካሁን ያየ የለም። ሲድኒ ላለው የተመራማሪዎቹ አለቃ ለዶክተር ጁልያን ኬስትል ደውላ ኮከቧ ተበልታ ይሆናል አለችው።

"መቀበያው ተበላሽቶ ይሆናላ!" ብሎ ሳቀ።

መካኒኩ ዳርሲ ላብ በላብ ሆኖ መቀበያውን ፈታላት። ምንም አልሆነም። "እሜቴ፣ ኮከብሽ ተቀይማሽ ነው የሄደችው" አላት።

"አፍህን ዝጋና ብሎኑን አጥብቅ!"

በቴሌስኮፑ የራሷ የማዳመጫ ሰዓት እንዲሰጣት ሦስት ጊዜ አመለከተች፤ ሦስቴም ከለከሏት። ሌሎች ሥራቸውን ሲጨርሱ የምትተርፈውን ግማሽ ሰዓት እየለቃቀመች አሥራ አራት ወር አዳመጠች። ድምፅ የለም። በመጨረሻ ኬስትልም አመነ፤ ኮከቧ ተበልታለች የሚል ጥናታዊ ጽሑፍ አዘጋጀና ስሟን ከስሙ ቀጥሎ አስገባ። ዳርሲ በዜናው ተደስቶ ቢራ ጋበዛት።

ጽሑፉ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኖሪን ለመጨረሻ ጊዜ ቴሌስኮፑን አዞረች። መቅረጫው ላይ የኮከቧን ምልክት የሚያሳየው መስመር ወደ ላይ ተነሣ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ተነሣ።

ሌላ ያየ አልነበረም። እጇ ቀረጻውን የሚያጠፋው ቁልፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆየ። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

"ተመልሳለች" አለች።

"ምን?"

"አልተበላችም። ተኝታ ነበር።"

"ኖሪን፣ ዛሬ ማየት ምን አስፈለገሽ? አንድ ቀን ብትታገሺስ?"

"አንተስ፣ ነገ ሌላ ሰው ቢያያት ምን ልትል ነበር?"

ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ጽሑፉ ቀረ። ከስድስት ወር በኋላ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ እየተኙ ስለሚነቁ ኮከቦች ሁለት ገጽ ማስታወሻ ወጣ፤ የኬስትል ስም ከላይ፣ የእሷ ስም ከታች፣ በምስጋናው መጨረሻ፣ በስሕተት "ኖርማ" ተብሎ። ዳርሲ አንብቦ መሳቅ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው።

"ደውለሽ አስተካክሉ በያቸው እንጂ።"

"ደወልኩ። ታትሟል አሉኝ።" ወረቀቱን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችውና መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። "ኮከቧ መኖሯ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? አልቻልኩም ዳርሲ። ዛሬም እናደድባታለሁ።"