ትንፋሽ አስተማሪዋ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር አጠገብ ባለው አዳራሽ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ልጆች መተንፈስ አስተምራለሁ። «መተንፈስ ደግሞ ትምህርት ሆነ?» ብለው የሚስቁ አሉ። ይምጡና ይዩ። ልጅ «ተንፍስ» ሲሉት ትከሻውን እስከ ጆሮው ይሰቅላል፤ የደባርቅ ብርድ ያስለመደን ነው መሰለኝ። መዝሙሩ ገና ሳይጋመስ ትንፋሹ ያልቃል። ስለዚህ ሰሌን ላይ በጀርባቸው አስተኛቸውና የታጠፈ ነጠላ ሆዳቸው ላይ አደርጋለሁ። አየር ሲስቡ ነጠላው ከፍ፣ ቀስ ብለው ሲያስወጡ ዝቅ ይላል። ይስቃሉ፤ እቆጣለሁ፤ እንደገና ይስቃሉ። «ትከሻ አይዘምርም!» እያልኩ በመሀላቸው እመላለሳለሁ። ቲቸር ነው የሚሉኝ፤ እዚህ «እኅታችን» በሉኝ ብል ማን ሰምቶኝ።

እኔ ራሴ አስም አለብኝ። ይህን ከእናቴና ከጤና ጣቢያው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ እናቴ «ለሰው እንዳታወሪ፤ ደረቷ የታመመ ከተባልሽ የሚያገባሽ የለም» አለችኝ። ሳላገባም ቀረሁ፣ ምስጢሩም አብሮኝ ቀረ። ፓፉን፣ ያን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ እይዛለሁ፤ ሲያስጨንቀኝ ከአዳራሹ ጀርባ ሄጄ እስበዋለሁ። በቅዳሴ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሚቆርብ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ወደ አፉ የሚያስገባው ነገር የለም፤ እኔ ደግሞ ያለ ፓፍ አንድም ጠዋት አልዘልቅም። ጾም ይሽራል አይሽርም ብዬ የንስሐ አባቴን መጠየቅ አፈርኩና መቁረቡን ተውኩት። ምን ኃጢአት ቢኖርባት ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለልጆቹ ግን ደረቴን ነፍቼ «እኔን እዩኝ! ትንፋሽ ማለት ልምምድ ነው» እላቸው ነበር።

ከመካከላቸው ከበየዳ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነበረች፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሰሌኑ ላይ ስትተኛ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ያን ድምፅ እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል? አንድ ቅዳሜ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ «መድኃኒት አለሽ?» አልኳት። ፓፍ እንዳላት በጆሮዬ ነገረችኝ፤ እሷም ታፍርበታለች። «እኔም» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። «ጎበዝ፣ ተለማመጂ፤ ይሻልሻል» ብያት ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍኩ።

በንግሡ ዕለት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ሊቆርቡ ነጭ ለብሰው በሴቶች በር በኩል ተሰልፈዋል፤ እስኪጠሩ ድረስ በቀስታ እንዘምራለን። በመሀል አንድ ድምፅ ጎደለ። ዘወር ስል ልጅቱ ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ፓፍሽስ?»

«እቤት... ዛሬ እቆርባለሁ...» ትንፋሿ ቃሉን ይቆራርጠዋል። «ልምምድ ነው... ብለዋል እኮ።»

እጄን ደረቴ ውስጥ ስከት ሰዉ ሁሉ አየኝ። ፓፉን አውጥቼ ወደ አፏ አስጠጋሁት። ጥርሷን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። ትታፈናለች እንጂ ጾሟን አትሽርም። ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ቸገረኝ። በልጆቹና በእናቶቻቸው ፊት፣ የራሴ አፍ ውስጥ ከትቼ ሳብኩት። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«እኔም እንዳንቺው ነኝ» አልኳት። አፏን ከፈተች። በነጠላዬ ጠርጌ ሰጠኋት። «ትከሻሽን ተዪው፤ ከሆድሽ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ» አልኩና ጫንኩላት፤ ቆይቼ ደገምኩላት።

ትንፋሿ ሲመለስላት ቁርባኑ ቀረብኝ ብላ ማልቀስ ጀመረች። የንስሐ አባቴ የዚያን ቀን የቅዳሴ ተራቸው ስላልነበረ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር፤ ግርግሩን አይተው መጡ።

«መድኃኒት ነው እንጂ ይህ ቁርስ ነው እንዴ? ተነሽ የኔ ልጅ፣ ትቆርቢያለሽ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የራቅሽው ለዚህ ኖሯል? ምነው ብትጠይቂኝ?»

«አፍሬ ነው አባቴ» አልኩ።

ልጅቱ ቆርባ ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ነበር፤ የቆረበ ሰው ወዲያው አይናገርም። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። መጀመሪያ እጄ ላይ ያለውን ፓፍ፣ ቀጥላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያን ቅዳሜ የሷን በጆሮዬ ስትነግረኝ የራሴን የደበቅኳት ትዝ እንዳላት ገባኝ። እናቷ መጥታ እጇን ይዛ እስክትወስዳት ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።