ቁጥሩን ከማንበብህ በፊት

አጎቴ ደባርቅ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነበሩ፤ ፕሮግራም መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የጻፍኩት ፕሮግራም ሥራውን ሲያቆም አንድ ቁጥር ይመልሳል፤ ዜሮ ከሆነ በደህና ጨርሷል ማለት ነው። ቁጥሩን ለማየት ስቸኩል ግን ስክሪኑን በመዳፋቸው ይሸፍኑብኝ ነበር።

«ቆይ! መጀመሪያ በራሱ ወጥቶ ነው ወይስ ተገድሎ፣ ሳይጨርስ በሌላ ተቋርጦ፣ ብለህ ጠይቅ። ሳትጠይቅ ካነበብከው የተገደለውም ዜሮ ይልሃል። በሰላም የጨረሰ ይመስልሃል።»

ከዳባት ሲመለሱ አንድ ሹፌር ገጭቷቸው አመለጠ። አሁን ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ስክሪኑን የሚሸፍንብኝም የለም።

በአርባቸው ዕለት ሹፌሩ ሽማግሌ ይዞ ለእርቅ መጣ።

«ልጄ፣ ቀናቸው ደርሶ ነው። በሰላም አርፈዋል፤ ይቅር በለው» አሉኝ አንደኛው አዛውንት።

ሹፌሩ የአጎቴን ፎቶ ሊስም ጎንበስ አለ። ፎቶውን በመዳፌ ሸፈንኩበት።

«ቆይ። መጀመሪያ በራሳቸው ሄዱ ወይስ ተገደሉ?»

ሹፌሩ ከፎቶው ቀና አለ።

«መኪናው ፍሬን...» ብሎ ጀመረ።

«መኪናውን አልጠየቅኩህም።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላም ሽማግሌ መላክ አልተወም፤ እኔም መዳፌን አላነሳሁም።