እሳት የተከለከለ ቤት

ሲሳይነሽ ፈታይ ናት። ከቡሬ ወደ ወጀት በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ማዶ ባለችው መንደር የእሷን ያህል ቀጭን ፈትል የሚያወጣ ሴት አልነበረም። ሰርግ ያሰበ ሁሉ ጥጡን ይዞ ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ባሏ ቢሰጥ፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ከሠራ ወዲህ ጫካ ገብቶ፣ አልፎ አልፎ ተደብቆ ቤቱ ብቅ ይል ነበር። ይህን የሚያውቀው አጥር የሚጋራቸው ጎረቤታቸው ገደፋው ብቻ ነው።

ገደፋውን ጣሊያኖች ከገበያ ሲመለስ ያዙት። ውስጥ እግሩን እየገረፉ ጠየቁት። መጀመሪያ ማለ፣ ዋሸም፤ በኋላ ግን ሥጋ ነውና ተናገረ። ቢሰጥን ገና ዝናቡ ሳያባራ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ ቡሬ ላይ ሰቀሉት። ሬሳውን እንኳ ለሲሳይነሽ አልሰጧትም።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡና በገደፋው ላይ ፈረዱ። እሳት የሚሰጠው፣ ውሃ የሚያቀብለው፣ ለቅሶውን የሚደርስለት ሰው እንዳይኖር።

«እስከ መቼ ነው?» አለ አንዱ።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ክንዱ ወደ ሲሳይነሽ ዞሩ። «ደሙ የሷ ነው። እሷ በቃኝ እስክትል።»

ሌላ ምንም ያልቀራት ሴት ይህንን ቃል እንደ ንብረት ያዘችው። በቃኝ ሳትል በጋው አለፈ። አባታችን ሆይን ስትደግም፣ ስለ በደል ይቅርታ የሚናገረው ጋ ስትደርስ ጉሮሮዋን ትጠርግና ዘላው ትሄዳለች። ማንም አይሰማት፤ እሷ ግን ትሰማዋለች።

የገደፋው ሚስት እናኑ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሚሰጣት እንደሌለ ስለምታውቅ ፍሟን አመድ አልብሳ እንደ ልጅ ነበር የምትጠብቀው። ክብሪት በዚያ አገር ከባንዳ ኪስ እንጂ ከገበሬ ቤት አይገኝም። በነሐሴ ግን ዶፉ ጣራቸውን ሸንቁሮ ምድጃው ላይ ወረደ። ፍሙ ጠፋ። በዚያው ሌሊት እናኑ ወንድ ልጅ ወለደች። እልል ያለላት ሴት የለም። ባሏ ነው ያዋለዳት።

ገና ጎህ ሲቀድ ገደፋው የሸክላ ገል ይዞ ከሲሳይነሽ አጥር ላይ ቆመ። እግሩ ከዚያ ወዲህ በወጉ አይረግጥለትም። ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«እቴ ሲሳይነሽ፣ ለኔ አይደለም። አራስ ናት። ልጁ ሰውነቱ ቀዝቅዟል። አንዲት ፍም ብቻ።»

«ጌቶችህን አትጠይቅም? ክብሪት አያጡም።»

«ጌታ የለኝም። ሲገርፉኝ ነው የተናገርሁት፤ ታውቂያለሽ።»

«ቢሰጥንም በርዶታል» አለች። «ዝናብ ነው የገነዘው። ሂድ ከደጄ።»

ከዚያ ገሉን ደረቱ ላይ ይዞ እያነከሰ ሄደ።

ጎረቤቷ ሀብትነሽ ከማዶ አይታ ኖሮ፣ «እሰይ የኔ አንበሳ! እንዲህ ነው እንጂ!» እያለች መጣች። «ባንዳ አባቱ ያሙቀው!»

ሲሳይነሽ ሳቀች። ሳቁ ግን ከአፏ አልፎ ልቧ አልደረሰም። እንዝርቷን ይዛ ምድጃዋ አጠገብ ተቀመጠች። ፈትሉ ይበጠስባታል፤ ትቀጥለዋለች፣ ደግሞ ይበጠሳል። እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች፣ ደግሞ ጨመረች። ቤቱ እንደ ቆላ ሞቀ፤ እሷን ግን ብርድ ብርድ አላት።

ረፋዱ ላይ የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ሕይወት፣ ገደፋው ጠርቷቸው፣ ጠበል ይዘው ወደ አራሷ ቤት ሲያልፉ ደጇ ላይ ቆሙ። መስቀል ልትሳለም ወጣች። መስቀሉን አላወጡላትም።

«እኔ የያዝሁት ውሃ ነው፣ ልጄ» አሉ። «እዚያ ቤት ደግሞ የጠፋው እሳት ነው።»

«አባ፣ እርስዎም? የባሌን አሟሟት ረሱት?»

«አልረሳሁም። ከባልሽ ጋር ያጋባሁሽ እኔ ነኝ፤ እንዴት ብዬ እረሳዋለሁ? እርሺው አላልሁሽም።» በጭቃው ውስጥ ቀስ እያሉ ሄዱ።

ሲሳይነሽ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ከዚያ ደህና ደህናውን ፍም ገል ላይ ጭራ፣ ኩበት ደርባ፣ በነጠላዋ ከዝናቡ ከልላ ሮጠች። ፍሙ እጇን ሲልጣት አልታወቃትም።

እናኑ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ልጁን በጡቶቿ መካከል በጋቢ ጠቅልላዋለች። አባ ገብረ ሕይወት ጠበሉን መሬት አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ልጁ እንዳለፈ ለሲሳይነሽ ገባት። ገብቷትም ግን ተንበርክካ ፍሙን እፍ ትል ጀመር። ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ ኩበቱ ተያያዘ።

«ለማን አመጣሽው?» አለች እናኑ።

ሲሳይነሽ ፍሙን እንደገና እፍ አለች።

ከበሩ ጥግ የተቀመጠው ገደፋው ሲሳይነሽን ሲያይ ለዕርቅ የመጣች መሰለው። ደንገጥ ብሎ ተነሣና የወፍጮውን መጅ አንሥቶ፣ በአገሩ የዕርቅ ወግ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ። «ስለ ቢሰጥ ደም፣ ስለ እመብርሃን ብለሽ ማሪኝ።»

«ይማርህ» አለች ሲሳይነሽ። ስንት ወር ሙሉ ያልወጣ ቃል እንደ ትንፋሽ ወጣ። አሁን ምን ዋጋ አለው? መጁን ከማጅራቱ አንሥታ በራሷ ማጅራት ላይ አደረገችውና ወደ እናኑ ዞራ ተደፋች።

«እኔንም ማሪኝ።»

እናኑ ጋቢውን በልጁ ላይ ሰበሰበች። 

«አውርጅው» አለች እናኑ። «መጄን ነው የያዝሽው። ሌላ የለኝም።» ይማርሽ አላለችም።

ሲሳይነሽ መጁን አስቀምጣ ወደ ውጭ ወጣች። አጥሩ ላይ ቆማ በዚያ ዝናብ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «በቃኝ! የመንደሩ ሰው ስሙኝ፣ በቃኝ! ሕፃን ሞቷል፣ ድረሱ!» ቆይቶ አንዱ ዶማ ይዞ መጣ፤ ከዚያ አያ ክንዱ። ሀብትነሽ ሳትመጣ ቀረች። ልጁ ክርስትና አልተነሣምና ፍትሐት የለውም፤ ከጓሮ፣ ከኮሶው ሥር ቀበሩት።

ሰው ሲበተን ሲሳይነሽ አጥሚት አሙቃ ለእናኑ አቀረበችላት። እናኑ ፊት ለፊቷ እያየች ጠጣች። ጡቷ ወተት ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«የጠየቅሽኝን» አለች፣ «ዛሬ አልችለውም።»

«አውቃለሁ።»

«ነገም የምችለው አይመስለኝ።»

«ነገ አልጠይቅሽም። እንጨት ይዤ ነው የምመጣው።»

እናኑ የጠጣችበትን ቅል መለሰችላት። ሲሳይነሽ የተላጠ እጇን ደብቃ በሌላው ተቀበለች፤ ከዚያም ገደፋው ጣራውን እስኪደፍን ድረስ ዝናቡ እንዳይነካው እሳቱን በገላዋ ከልላ ተቀመጠች።