ፎርማት አልሆንም ያለችው ዕቃ

ልጄን የወሰዱት ከባጃጅ ላይ አውርደው ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የወጣ ሰሞን፣ ወጣቱ ለተቃውሞ አስፋልቱን ሞልቶ ወደ ካራቆሬ ካቀና በኋላ። ሥራው ሰርግ መቅረጽ ነው፤ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ቀወት ገጠርም፣ አጣዬ ድረስ እየተጠራ ይሄዳል። ወጣቱ አስፋልት በወጣ ቀን ሰርግ አልነበረም። እሱ ግን ካሜራውን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሚሊሻው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱን ሲድር የቀረጸለት ልጄ ነው። ግባ ብለው ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ ያቺ ጠፍጣፋ ጥቁር ዕቃ አለች አይደል፣ ሰርጉን የሚገለብጥባት? ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ይዘው ይቅረቡ ተብሏል።»

«ብትጠፋስ?»

«ኧረ እንዳትጠፋ! አለች ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ከጠፋች ደበቁ ነው የሚባለው፣ ልጁም ላይ ይብሳል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሰርግ በቀር ምንም ባይገኝባት ግን ደግ ነው» አለና ሄደ።

ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ነው። አልመጣልኝም። ገላዬ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ እጄን አየሁት፣ ሽንኩርት እየላጠ ነበር።

ቅዳሜ ዕቃዋን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ መናኸሪያው አጠገብ ሄድኩ። እዚያ ስልክ የሚጠግን፣ ዘፈንና መንዙማ የሚጭን የልጄ ወዳጅ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት።

«ኤስኤስዲ የምትባለዋ የቪዲዮ ማስቀመጫ ናት» አለኝ። «ውስጧ የሚሽከረከር ነገር የላትም፣ ለዚህ ነው ድምፅ የማታሰማው።»

ሰርግ ነው፣ ሰርግ ነው፣ ሰርግ ነው፤ ከዚያ አስፋልቱ መጣ። የሰፈራችን ልጆች ፊታቸው አንድ በአንድ ይለያል። ጠጋኙ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ቶሎ ዘጋው።

«ይጥፋ?»

«ይጥፋ።»

ጠፋ። ለማረጋገጥ ብሎ ነቅሎ ሲሰካት ግን ሁሉም እንደነበረ ተቀምጧል።

«ገመዱ ይሆናል» ብሎ ገመድ ቀየረ። በሌላ ኮምፒውተር ሞከረ። «በቃ ሰርጉንም ጨምሬ ጠቅላላውን ፎርማት ላድርጋት» አለ። አድርጋት አልኩት። ፎርማት ማድረግ አልተቻለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ብዙ ትእዛዝ ጻፈ። እሺ ትለዋለች፤ ነቅሎ ሲሰካት ሁሉም ተመልሷል።

«ወላሂ እትዬ፣ እንዲህ ያለች ግትር ገጥማኝ አታውቅም። አርጅታለች። እነዚህ ሲያረጁ አንዳንዴ ራሳቸውን ይቆልፋሉ፤ ያላትን ታሳያለች እንጂ አዲስ አትቀበልም፣ የያዘችውንም አትለቅም።»

«ታዲያ ጠፋ ያልከኝ?»

«የጠፋ የመሰለው ለኮምፒውተሩ ነው። እሷ አልሰማችውም።»

ሌላ አምሳያዋን ልቀይርልዎ እንዳልል ሮቢት አይገኝም፣ አዲስ አበባ ነው አለ። ዕቃዋን መልሼ ቋጠርኳት።

በኛ ቆላ የነቀዘ ማሾ በቀትር ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል። ነቀዙ ወይ ይሞታል ወይ ይሰደዳል፤ ማሾው መልኩ አይለወጥም። እኔም ለዚያች ዕቃ ይህንኑ አሰብኩላት፤ ውስጧ ይሙት፣ ውጪዋ ደህና ይምሰል። እሁድ ግቢዬ ውስጥ ቆርቆሮ ዘረጋሁ፣ ማሾ በተንኩበት፣ እሷን መሀሉ ቀበርኳት። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም ነበር።

ጎረቤቴ በአጥር ብቅ አለች።

«ማሾሽ ነቀዘ እንዴ?»

«ነቀዘ።»

«የኔም ነቅዟል። ላምጣና አብረን እናስጣው።»

«ቦታ የለም» አልኳት።

በኛ ሰፈር ለማሾ ቦታ የለም ተብሎ አያውቅም። ቆርቆሮውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «ተይው በቃ፣ ወርቅ ያሰጣሽ መሰለሽ!» ብላ ገባች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተከትዬ ይቅርታ እል ነበር። ማሾውን አገላበጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ጠጋኙ ገና ሱቁን ሳይከፍት ደረስኩ። ሰካት። ሙሽራዋ ፈገግ ብላ ወጣች። ከሷ በታች አስፋልቱ አለ። ማሾ ውስጥ ቀብሬ አስጥቻት ነበር አልኩት።

«ፀሐይ ላይ አሰጧት?» ብሎ ሳቀ። «ሮቢት የተወለደች ናት በሉኛ!» ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «አላህ ያውቃል እትዬ። ይሂዱ።»

እንዳለች ይዣት ጣቢያ ሄድኩ። ምን ይደረግ።

አንድ ወጣት መኮንን ተቀበለኝና ውጪ ጠብቂ አለኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። የሰርግ ዘፈን ተሰማ፣ ቆመ፣ ሌላ ሰርግ ተጀመረ፣ ቆመ።

«ይሄ ሁሉ ሰርግ ነው?» አለ አንዱ።

«ሰርግ ብቻ ነው ባክህ፣ እስከ ታች ማየት አያስፈልግም። አጥፋውና ፊልም እንጫንባት፣ ጥሩ ዕቃ ናት።»

ቆይቶ፣ «ፎርማት አልሆንም አለች።»

«እስቲ ገመዱን ቀይረው።»

በልቤ፣ ገመዱ አይደለም፣ አልኩ። ሌላ ያሰብኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

መኮንኑ ወጥቶ ጭኔ ላይ ጣላት። «እናት፣ ይቺ የተበላሸች ናት። ውሰጃት።»

ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬያት እዚያው ተቀመጥኩ። እነሱ ደክሟት ነው ብለው ውኃ ሰጡኝ።

ልጄ የተፈታው አዲሱ ማሾ ሲደርስ ነው። ከስቶ ነበር። ከፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያው ጥያቄው፣ «እማ፣ አጠፋሻት?» የሚል ሆነ።

«እምቢ አለች።»

ከማሾው ጆንያ አውጥቼ ሰጠሁት። ያስረከባቸው ሰርጎች ቢኖሩም ያላስረከባቸውም ነበሩባት፤ የሰው አደራ ነው ብሎ ጠጋኙ ጋ ወስዶ ወደ ሌላ አስገለበጣቸው። ቤት ይዟት ሲመለስ የአስፋልቱን አንድ ጊዜ ከፈተው። ልጆቹ እየጮኹ ያልፋሉ። ከነሱ ጩኸት በላይ የአንዲት ሴት ድምፅ አለ፤ «ና ግባ! አንተ ልጅ፣ ና ግባ!» ይላል። ካሜራው ዞር ሲል ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ በባዶ እግሯ አስፋልቱ ዳር ቆማለች። እኔ ነኝ። እንደዚያ መጮኼን አላውቅም ነበር።

«ይበቃል» አልኩት።

ከእንግዲህ ይዘሽ ቅረቢ የሚለኝ የለም፤ ዘነዘናውን አነሳሁ። ወፍጮ ድንጋዩ ላይ አድርጌ መታኋት፣ ደግሜ መታኋት። ውስጧ ቀጭን አረንጓዴ ነገር ነው፣ ብዙም ድምፅ አልነበራትም። አሁን እፎይ እላለሁ ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ፤ እሱም አልመጣልኝም። ከዚያ ስብርባሪውን ጠርጌ ለልጄ ምሳ አቀረብኩለት።